ለውሻ የተሰፋ አንገትጌ

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ዓመቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ። ክረምቱ ወጥቶ፣ የመንገዱ ጭቃ ደርቆ ገና አቧራ ያልሆነበት ወቅት እንደነበር ግን አውቃለሁ። ስንዴው አልታጨደም ነበር። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል፤ ስኳር በወረፋ መሰጠቱ ቀርቶ ሱቅ ውስጥ በኪሎ መሸጥ ጀምሯል። ሞጣ ላይ ከተሜው የላስቲክ ጫማ፣ ባላገሩ ከጎማ የተሠራ በረባሶ ያደርግ ነበር፤ አረንጓዴ ቁምጣ ከነሸሚዙ ለብሶ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ዱላውን አግድም ይዞ ገበያ የሚገባ ሰው ሲታይ ዓይን ይሞላል። ዛሬ ልጆቹ ሁሉ ጂንስ ለባሽ ናቸው፤ ማን የማን አገር ሰው እንደሆነ በልብስ መለየት ቀርቷል። ዓመተ ምሕረቱን ረስቼ ቁምጣውን ማስታወሴ ይገርመኛል። አእምሮዬ የሚይዘውን ራሱ ይመርጣል፤ እኔን አያማክረኝም።

ይኸን ነገር የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሰሞን ያየሁት ነው። ከቤቴ ፊት ለፊት የተከራየች፣ ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች የጤና ጣቢያ ሠራተኛ አለች። ባሕር ዳር ደርሳ ስትመለስ ፀጉራም ነጭ ቡችላና ቀይ የውሻ ገመድ ይዛ መጣች። ጠዋት ጠዋት ልታንሸራሽረው ትወጣለች፤ ግን ቡችላው ነው እሷን የሚያንሸራሽራት። በራፌ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ ተቀምጬ ሳለ እየተጎተተች አለፈች።

«አባባ፣ እጄን ሊገነጥለው ነው እኮ!» አለችኝ እየሳቀች።

«አንቺም እየጎተትሽው ነው ልጄ። ቁሚ። ዝም ብለሽ ቁሚ። ገመዱ ሲላላ ያኔ ተራመጂ።»

ቆመች። ቡችላው ትንሽ ታገለ፣ ከዚያ ዞሮ አያት። ገመዱ ላላ። ተራመደች።

«እንዴ! እርስዎ ውሻ ማሠልጠን ያውቃሉ?»

«አንድ ውሻ ብቻ» አልኳትና ገባሁ። በሩን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ።

እኔና ባለቤቴ አያልነሽ የብቸና ሰዎች ነን። ብቸና ዙሪያ አርሰን ኖርን፤ ጉልበቴ ሲከዳኝ መሬቱን ለዘመድ ሰጥተን ሞጣ ገባን። እኔ ወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆንኩ፣ እሷ ገበያ ላይ ጨውና በርበሬ መቸርቸር ያዘች። ልጅ አልወለድንም። አንድ ጊዜ ወንድሟን ታፈረን ልትጠይቅ ብቸና ሄዳ ስትመለስ ቡችላ ይዛ መጣች። አውቶቡስ ውስጥ ሹፌሩ እንዳያይባት በነጠላዋ ሸፍና ደረቷ ላይ አቅፋው ነው የመጣችው። ረዳቱ «እናት፣ ሕፃኑ ምነው ድምፁ ጠፋ?» ቢላት «ጨዋ ልጅ ነው» አለችው። ይኸን ሁልጊዜ ስታወራው ትስቅ ነበር። ስሙን መከታ አለችው። ቡናማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ነገር አለው፣ አንድ ጆሮው ይወድቃል። እሷን ያለ ገመድ ይከተላት ነበር፤ ወፍጮ ስትመጣ ከኋላዋ፣ ገበያ ስትውል ከመደቧ ሥር። እኔ እንዲያውም አልወደውም ነበር። «የቤት አጥር ጥሎ ሴት የሚከተል ምን ውሻ ነው» እል ነበር። እሷም «ቀንተህ ነው» ትለኛለች። እውነቷን ሳይሆን አይቀርም።

አያልነሽ ብዙ አልታመመችም። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። የቀብሯ ዕለት ውሻውን ጓዳ ዘግቼበት ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን አምልጦ ወጣ። ማን እንዳሳየው እግዜር ይወቅ፤ ወደ ደብሩ ሄዶ፣ በፈረሰው የካብ ቅጥር ገብቶ፣ አፈሩ ገና ያልረጋው መቃብሯ ላይ ተኝቶ ተገኘ። የደብሩ ዘበኛ በድንጋይ አባረረው። በማግሥቱ ተመልሶ ሄደ። በሦስተኛውም ሄደ። የእኛን አገር ሰው የሚያውቅ ያውቃል፤ ውሻ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገባ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት የደብሩ ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ።

«ፈንቴ» አሉኝ፣ «ሐዘንህ ሐዘናችን ነው። ግን ውሻ ቅጥር ሲረግጥ ዝም ብለን ማየት አንችልም።»

«አውቃለሁ አባቶቼ። እስከ አርባዋ ታገሡኝ። አንድ መላ እፈልጋለሁ።»

«እስከ አርባዋ ይሁን። በአርባዋ ሕዝብ ይሰበሰባል። ያን ቀን እዚያ ከተገኘ ግን ዘበኛው በዱላም ይሁን በመርዝ ይገላግለናል። እንዳትቀየመን።»

አልተቀየምኩም። ትክክል ነበሩ። መከታን በሰንሰለት አሰርኩት። ቀኑን ሙሉ አለቀሰ። ሲጎትት ሲጎትት አንገቱ ተላጠ፣ ዝንብ ወረሰው፤ ምግብም እምቢ አለ። ጎረቤት «ውሻ ሲያለቅስ ደግ አይደለም፣ ሌላ ሰው ሊጠራብን ነው» ይል ጀመር። ብቸና ላለው ለታፈረ ላክሁበት። «አምጣልኝ፣ ከኔው ቤት አይደል የወሰደችው፤ እርሻ ላይ ይኖራል» አለ። አውቶቡሶቹ ውሻ አንጭንም አሉ። ከወፍጮ ቤቱ እህል የሚያመላልስ የአይሱዙ ሹፌር ነበር፣ እሱን ለመንኩት።

«ጋሼ» አለኝ፣ «እየተንፈራገጠ የሚመጣ ውሻ አልጭንም። ረዳቴን ቢነክስብኝስ? ረግቶ፣ በገመድ ተመርቶ እንደ ሰው ከመጣ ግን ከጆንያው ላይ ይወጣል። ከአርባው በፊት ባለው ቅዳሜ ወደ ብቸና እወርዳለሁ። ከዚያ ወዲያ ለአንድ ወር በዚያ መስመር የለሁም።»

መኪናው የሚቆመው ከገበያው ማዶ ነው። እዚያ ለመድረስ በከተማው መሐል፣ ደግሞም በደብሩ በር ፊት ማለፍ ግድ ነው። ሦስት ሳምንት አልቀረኝም። ውሻውን በገመድ መሄድ ካላስተማርኩት ይገድሉታል፤ እሷ ከነካቻቸው ነገሮች የሚተነፍስ የቀረኝ ደግሞ እሱ ብቻ ነበር።

እኔ ታዲያ የማውቀው በሬ ነው። ወይፈን ሲገራ ካረጀ፣ ከረጋ በሬ ጋር ይጠመዳል፤ ሽማግሌው በሬ ልክ ያስገባዋል። ጅራፉን ብድግ ማድረግ፣ «ሃ!» ማለት ነው። ይኸ ለበሬ ከሠራ ለውሻ የማይሠራበት ምክንያት አልታየኝም። ወፍጮ ቤቱ አንድ ያረጀ የጭነት አህያ ነበረው። መከታን በጠፍር አድርጌ ከአህያው ጋር አቆራኘሁትና ከኋላ ሆኜ «ሃ!» አልኩ። አህያው ቆመ። ውሻው ወደ ደብሩ አቅጣጫ ተወረወረ። ጠፍሩ አንገቱን ሲያንቀው ጮኸ፤ አህያው እግሩን ወረወረበት፤ እኔ መሐል ገብቼ ወደቅሁ። እህል ሊያስፈጭ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ።

«አያ ፈንቴ፣ ዘንድሮ በነዚህ ልታርስ ነው?»

«ተዉት፣ ሞፈሩን ቀስ ብሎ ያመጣዋል!»

ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚሠራ አንድ ሰው ነበር። እስላም ነው፤ አባቱ ከወሎ ለንግድ የመጡ፣ እሱ ግን እዚሁ ሞጣ የተወለደ። ሰው ሁሉ «ሰፊው» ነው የሚለው። ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም። ራሱ የሰፋላት ልብስ የለበሰች ሬዲዮ ነበረችው፤ መኪናውን እየረገጠ ከሬዲዮዋ ዋሽንት ጋር አብሮ ያፏጫል፤ ዜና ሲጀምር ይዘጋታል። ሰፊው ያን ቀን አልሳቀም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«አያ ፈንቴ፣ ልታንቀው ነው ወይስ ልታስተምረው?»

«ወይፈን የሚገራው እንዲህ ነው።»

«ይኸ ወይፈን ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

አፈር ላይ ተቀምጬ ነበር። ውሻው እየሳለ ነው። ሰፊው ቁልቁል አየንና «በመጀመሪያ ያን ጠፍር አውልቅለት፣ አንገቱ ደምቷል። በሲባጎ ለካልኝ። ሜትሬን ለሱ አላውስም፣ እሱን አትጠይቀኝ» አለ። በሲባጎ ለክቼ ሰጠሁት። ከአሮጌ የድንኳን ሸራ አራት ጣት የሚሰፋ ቆርጦ፣ ውስጡን ቁስሉን እንዳይነካው ባረጀ የካፖርት ገበር ለብዶ፣ የቀበቶ ዘለበት ገጥሞ ሰፋው። ሲሰፋ በዚያ ያለፈ ሁሉ ይቆማል።

«ሰፊው፣ ምንድን ነው እሱ?»

«አንገትጌ።»

«የማን?»

«የመከታ።»

«ውሻ ደንበኛ ያዝክ? ለሱሪም ልትለካው ነው?»

«ካንተ ይልቅ ወገቡ የቀና ነው፣ ጨርቅ አያባክንብኝም» ይላል ቀና ሳይል።

ሲጨርስ ወደ መኪናው ጠራኝና ክሩን አሳየኝ። «እይ። ክሩን ካጠበቅሁት ጨርቁ ይሸበሸባል። ይበልጥ ካጠበቅሁት ይበጠሳል። አንተ ስትጎትት እሱ ይጎትታል፣ እሱ ሲጎትት አንተ ትጎትታለህ፤ ይኸ እስከ ማታ አያልቅም። ሲጎትት ቁም። ምንም አትበል። ሲያላላልህ ሂድ። መሄድን የሚያገኘው ገመዱ ሲላላ ብቻ መሆኑን ይወቀው።»

«አንተ ይኸን ከየት አወቅህ? ውሻ ኖሮህ አያውቅ።»

«ሃያ ዓመት ክር ይዤ ኖሬያለሁ» አለኝ።

ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀምር ይመጣል። እኔ ገመዱን ይዤ፣ እሱ በሌላው ጎኔ፣ ውሻው ልብሱን እንዳይነካበት ራቅ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ወንዙ ድልድይ ያለውን መንገድ ያዝን። ከሥጋ ቤት የበግ ሳንባ ለምኜ ቀቅዬ በኪሴ እይዛለሁ። የመጀመሪያው ቀን ድልድዩ ቀርቶ የወፍጮ ቤቱን አጥር አልጨረስንም። አምስት እርምጃ ሄደን እንቆማለን፤ ሁለት ሄደን እንቆማለን። እኔ ትዕግሥቴ ሲያልቅ ሰፊው «ቁም» ይላል። እቆማለሁ። መከታ ወደ ደብሩ አቅጣጫ ተወጥሮ ያለቅሳል። ከዚያ ይደክመውና ዞሮ ያየኛል። «አሁን» ይላል ሰፊው። ሳንባ እሰጠዋለሁ፤ እንሄዳለን። በዚያ ዘመን ውሻ በገመድ የሚመራ ሰው ሞጣ ላይ ታይቶ አይታወቅም፤ ሰው ከየበሩ እየወጣ ያየናል። «አያ ፈንቴ በሐዘን አእምሮው ተነካ» የሚልም ሰምቻለሁ። ተነክቶም ሊሆን ይችላል። ከቀብሯ ወዲህ ከሰው ጋር ያወራሁት ከሰላምታ አይዘልም ነበር፤ ከዚያ ውሻ ጋር ግን ማውራት ጀመርኩ። «በርታ» እለዋለሁ። «እኔም እንዳንተው ነኝ፣ እኔም እዚያ ብሄድ ደስ ይለኛል» እለዋለሁ። ሰፊው ያልሰማ ይመስል ድልድዩን ያያል።

በስንተኛው ቀን እንደሆነ እንጃ፣ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ድልድዩ ገመዱ አንዴም ሳይወጠር ደረስን። መከታ ጎን ለጎን፣ በኔ እርምጃ ልክ፣ የወደቀችው ጆሮው እየተወዛወዘች ይሄዳል። ከአያልነሽ ጋር የሚሄደው እንዲህ ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንባ መጣብኝ። ሰፊው አንድ ያላሰብኩትን ነገር ተናገረ።

«ብቸና ላይ ገመዱን የሚይዘው ታፈረ ነው። ይኸ ውሻ ካንተ እጅ ሌላ አያውቅም። በሌላ ሰው እጅም መልመድ አለበት።»

«ማን ይይዝልኛል?» አልኩት። ወፍጮ ቤት ያሉትን ጠየቅሁ። አንዱ «ነጭ ልብሴን ነው የለበስኩት» አለ። ሌላው «ሚስቴ ከቤት ታባርረኛለች» ብሎ ሳቀ። ውሻ እየጎተተ በከተማ መሐል መታየት ያሳፍር ነበር፤ አልፈርድባቸውም። በማግሥቱ ጠዋት ሰፊው አሮጌ ካፖርት ደርቦ መጣ። እጁን ዘረጋ።

«ስጠኝ።»

«ኧረ ተው! አንተማ እንዴት ትይዘዋለህ? ሶላትህስ?»

«ካፖርቱ ለሱ ነው፣ ከውጭ ሚስማር ላይ ይውላል። ከላሰኝ ሰባት ጊዜ እታጠባለሁ። ውኃ አልጠፋ።»

«ባለቤትህ ምን አለችህ?»

«‹ውሻውን ተወውና ሰውየውን ያዘው› አለችኝ» አለና ገመዱን ከእጄ ወሰደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግማሹን መንገድ እኔ፣ ግማሹን እሱ ያዝን። ሲመለስ በረንዳው ጥግ ካለው በርሜል እየቀዳ አንዴ በአፈር፣ ሌላውን በውኃ እጁን እስከ ክርኑ ሲያጥብ አየው ነበር። አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማሁትም። ጸሎቱ እንዳያልፈው ብቻ ይቸኩላል።

ቅዳሜ ደረሰ። ገበያ ነው፤ አህያው፣ በጉ፣ ጆንያ ተሸካሚው ይተራመሳል። መከታ ከጎኔ አልራቀም። የደብሩ በር ጋ ስንደርስ ቆመ። አልጎተተም። ገመዱ ላልቶ እንደተንጠለጠለ፣ ዝም ብሎ ወደ ውስጥ አየ። ዘበኛው በሩ ላይ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። ሰው ከበበን። እጄ ገመዱን ሊጨብጥ ሲል ሰፊው በቀስታ «ተወው። ይይ» አለኝ። ቆምን። ምን ያህል እንደቆምን አላውቅም። እኔም አየሁ፤ ከካቡ በላይ የዛፎቹ ጫፍ ይታያል፣ መቃብሯ ከዚያ ማዶ ነው። ከዚያ መከታ ራሱን ዝቅ አደረገ፣ ቀና ብሎ ፊቴን አየና እግሩን አነሳ። ዘበኛው፣ ያ በድንጋይ ሲያባርረው የኖረው ሰው፣ ቆቡን አውልቆ ፊቱን ወደ ውስጥ አዞረ።

ብቸና ድረስ እኛ ሦስታችን ከጆንያው ላይ ነበርን። ሰፊው በገበያ ቀን፣ ሥራ በሚበዛበት ቅዳሜ፣ ስፌቱን ትቶ ነው አብሮኝ የመጣው። ንፋሱ ይመታናል፤ መከታ ጭኔ ላይ ራሱን አሳርፎ ዓይኑን ጨፍኗል። ጸሎቴ አንድ ብቻ ነበር፤ መኪናው ይበላሽ የሚል። አልተበላሸም። ታፈረ ብቸና ገበያ ዳር ቆሞ ጠበቀን። እህቱን አንስቶ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ገመዱን ሰጠሁት። «ሲጎትት ቁም፣ ሲያላላ ሂድ» አልኩት። «እሺ» አለ።

ሄዱ። መከታ በታፈረ ጎን፣ በታፈረ እርምጃ ልክ፣ ገመዱ ላልቶ፣ ረግቶ ሄደ። አልጎተተም። አልዞረም። እንዲህ እንዲሄድ ነበር ያስተማርነው። እኔ ግን እዚያ ገበያ ዳር ቆሜ፣ አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ ቢጎትት ብዬ ለመንኩ። አንዴ ዞሮ ወደኔ ቢወጠር እሮጥና እወስደው ነበር፤ አርባውም፣ ሽማግሌዎቹም የፈለጉትን ይሁኑ። ባሕር ዛፎቹ ጋ ደርሰው ታጠፉ። እጄን ሳየው ገመዱ የነበረበት ቦታ ቀልቶ ነበር።

አርባዋ በሰላም ዋለ። መከታ ታፈረ ዘንድ ሁለት ክረምት ኖሮ ሞተ አሉኝ። በሕይወት ሳለ ሄጄ አላየሁትም። ብቸና ቅርብ ነው፤ ጠዋት ተነስቶ መድረስ ይቻል ነበር። አልቻልኩም። ዛሬም ሳስበው የሚቆረቁረኝ ይኸ ነው፤ ወደ እሷ መሄድን አስተውኩት፣ ከዚያ ደግሞ እኔም ሳልሄድለት ቀረሁ።

ከብቸና ከተመለስን በኋላ ሰኞ ጠዋት፣ መከታን ይዘን በምንወጣበት በዚያው ሰዓት ነቃሁ። የምሄድበት አልነበረኝም። ግድግዳውን እያየሁ ተኝቼ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሰፊው ነው፤ ካፖርቱን አልደረበም፣ ንጹሕ ሸሚዙን ነው የለበሰው። «ተነስ፣ ድልድዩ ድረስ እንሂድ» አለኝ። «ለምን?» ብለው «ለምንም» አለኝ። ሄድን። በማግሥቱም መጣ። በጾሙም፣ በኔም ጾም በሱም ጾም፣ በክረምቱም ጃንጥላ ይዞ መጣ። እንዲህ ስንት ዓመት እንደሄድን አልቆጠርኩም፤ የስፌት መኪናውን የሚረግጥበት እግሩ እስኪያቅተው ድረስ ነው። አሁን እሱም ከመሬት በታች ነው፤ አላህ ይዘንለት። የበረንዳው ቦታ ዛሬ የሞባይል ካርድ መሸጫ ሆኗል፤ እዚያ የሚሸጡትን ልጆች ብጠይቃቸው ሰፊ የሚባል ሰው እዚያ እንደነበረ እንኳ አያውቁም። የሚያውቁትም ቢሆኑ በሥራው ስለሚጠሩት ስሙን ረስተውታል። እኔ አልረሳሁትም። ሰይድ ይማም ነበር የሚባለው።